እጅዎን ዘርግተው በዝግታ ይለፉ

ሀዋሳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለመምህር ዓለማየሁ
አርባ ምንጭ

አጎቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤዎ ሰኞ ዕለት በሙዝ ጫኙ በአቶ በኃይሉ እጅ ደረሰኝ። ፖስታው ራሱ ሙዝ ሙዝ ይሸት ነበር። መንገዱ ለሰው ቢዘጋም ለሙዝ ክፍት መሆኑ በጀን እንጂ መጻጻፉም በቀረብን ነበር። «ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ በስልክ አትጩሁብኝ፣ ጻፉልኝ» ያሉትን ለእማዬ ባነብላት እስክታስል ሳቀች።

«ኬሚስትሪሽ ሥራ አገኘ ወይስ ዲግሪው እንደተጠቀለለ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አገኘ፣ አጎቴ! ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ጠብቄ አገኘ። መናኸሪያ አካባቢ ያለውን ጮራ የገበያ ማዕከል ያስታውሱታል፤ እማዬ ለባለሱቆቹ ሻይ የምታዞርበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ኮሮና ከገባ ወዲህ ገበያተኛ ስለራቀ ሥራ አስኪያጁ አቶ አምሳሉ በዋናው በር ላይ የመርጫ ዋሻ አስተከሉ። አራት ሜትር የሚሆን፣ በላስቲክ የተሸፈነ የብረት መተላለፊያ ነው። ሰው ሲገባ አንዲት ዓይን የመሰለች መሣሪያ ታየዋለች፤ ያኔ ከግራና ከቀኝ፣ ከላይም፣ እንደ ጉም የደቀቀ መድኃኒት ይረጭበታል። ሰባት ሰከንድ ቆሞ ያልፋል። መግቢያው ላይ «እጅዎን ዘርግተው በዝግታ ይለፉ። ከኮሮና ነጻ ሆነው ይግቡ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። መድኃኒቱን በጥብጬ በርሜሉን የምሞላው እኔ ነኝ። ነጭ ጋዋን ሰጥተውኛል፤ ደረቴ ላይ «የኬሚካል ባለሙያ» የሚል ባጅ አለ። እማዬ ባጁን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላልኛለች።

ምርቃቱ ቅዳሜ ነበር። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ በተባለበት ሳምንት ሪባን ለመቁረጥ ስልሳ ሰው ተሰበሰበ፤ ይህን እርስዎ ሳይሉኝ እኔው ልበለው። ከእንግዶቹ ቀጥሎ መጀመሪያ ያለፈችው እማዬ ናት። በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው የብርጭቆ ሳህን ይዛ ስለነበር እጇን መዘርጋት አልቻለችም፤ ክርኖቿን እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍታ አለፈች። ሁሉም አጨበጨበላት። እኔ ከበርሜሉ አጠገብ ቆሜ እንባዬ መጣ።

በሉ፣ መልስዎን አያዘግዩብኝ።

የእህትዎ ልጅ ሩት


አርባ ምንጭ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ ሩት፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለእናትሽም ይድረስ። ደስታዬን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ቁጣዬ ከጀመረ ወረቀቱ አይበቃውም። ሥራ በማግኘትሽ እግዚአብሔር ይመስገን። ባጁን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? «መድኃኒት» ብለሻል። መድኃኒት የሚባል ንጥረ ነገር እኔ አላስተማርኩሽም። በረኪና ከሆነ በረኪና በይኝ። ስንት በመቶ? የተሠራው ለወለል ነው ለሰው? ወይስ እኔ ሳልሰማ የሀዋሳ ሰው ወለል ሆነ?

ሩትዬ፣ አትቆጪብኝ። ታሞ የመጣ ሰው በሽታው ያለው በሳንባውና በጉሮሮው ውስጥ ነው። ኮቱን ብታረጥቢለት ሳንባው ይታጠባል? ሰባት ሰከንድ ቆሞ፣ ረጥቦ፣ «ነጻ ነህ» ተብሎ ይገባና ከአንዷ ባለሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ያስላል። ጤነኛው ደግሞ በረኪና ስቦ ይገባል። ይህ የማን ብልሃት ነው? ማን አዘዘው? ማንን ጠየቁ? አንቺንስ ጠየቁሽ ወይስ ጋዋን ብቻ አለበሱሽ?

ደግሞ «እስክታስል ሳቀች» ያልሽው ነገር ከልቤ አልወጣም። የእህቴን ደረት የማውቀው እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አስሙ በተነሳባት ቁጥር በጀርባዬ አዝዬ ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። በቀን ስንት ጊዜ ነው በዚያ ዋሻ የምታልፈው? ቁጥሩን ጻፊልኝ።

አጎትሽ ዓለማየሁ


ሀዋሳ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የሙዙ መኪና ሶዶ ላይ ተበላሽቶ ስለነበር ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ የእኔም መልስ ስለዘገየ ይቅርታ።

አዎ፣ በረኪና ነው። ሱቅ የሚሸጠውን ነው በውኃ የማቀጥነው፤ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው። መመሪያው ከሻጩ የመጣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሻጩ የአቶ አምሳሉ የወንድም ልጅ ነው። ይህን ቀድሜ አልነገርኩዎትም፤ ስለጠየቁኝ አሁን ነገርኩዎት።

አጎቴ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ግን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የትም ስዞር «ልምድ አለሽ?» ሲሉኝ የነበሩትን ሰዎች እርስዎ አላዩዋቸውም። ይህ ሥራ ከእጄ ቢወጣ ሌላ የለም። ደግሞም እኔ ባልበጠብጠው የማይለካ ሰው ይበጠብጠዋል፤ እኔ ቢያንስ እለካለሁ። ይህን ብዬ ነው በየማለዳው የምሄደው።

ችግር የለም አልልዎትም። ቀይ ቀሚስ ለብሳ የገባች ሴት ነጠብጣብ ሆና ወጣች። ጥበቃው ኪሩቤል ቀኑን ሙሉ እዚያው በር ላይ ስለሚቆም ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ መነጽር ግዙለት ብዬ ጠየቅሁ፣ «እንግዳ ያስፈራል» ተባልኩ። ሁለተኛ ፎቅ ጨርቅ የምትሸጠው ራሔል «ሩት፣ የእናትሽ ሻይ በረኪና በረኪና ይላል» አለችኝ። ለካ መርጫው ብርጭቆዎቹ ላይም ያርፋል። አሁን እማዬ ሳህኑን በላስቲክ ሸፍና ነው የምታልፈው።

ለአቶ አምሳሉ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ሰው ፈርቶ ነው የቀረው። እኛ የምንሸጠው መረጋጋት ነው» አሉኝ። ንግግራቸው ጥሩ ነው። ሲናገሩ ይታመናሉ።

ዝናቡ ጀምሯል። ሐይቁ ከፍ ብሏል ይላሉ። እርስዎ ዘንድስ?

ሩት


አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሩት፣

ስለ ሐይቁ ጻፍሽልኝ። ስለ ጥበቃው ዓይን ጻፍሽልኝ። ስለማላውቃት ሴት ቀሚስ ጻፍሽልኝ። እህቴ በቀን ስንት ጊዜ ታልፋለች ብዬ የጠየቅሁትን ግን ዘለልሽው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና ያረምኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ የሚዘለው የማያውቀውን ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ለአምሳሉሽ በዚህ ሳምንት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሁለት ገጽ ነው፤ ስድብ የለበትም። ስድቡ የነበረበትን ቀድጄ ነው ሁለተኛውን የጻፍኩት።

ለምን እንዲህ እንደምንገበገብ ልንገርሽ፤ ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። በ1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ ተብሎ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። «ዓለማየሁ፣ ያን ቢጫ አረንጓዴ ጋዝ አሳያቸው፤ ሲያዩት ይገረማሉ» አለኝ። ክሎሪን ማለቱ ነው። «የቤተ ሙከራው አየር ማስወጫ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል» አልኩት። «ለአሥር ደቂቃ ምን ይሆናል?» አለኝ። ሠራሁት። እንግዶቹ ከኋላ ስለነበሩ በጣም ተገረሙ። አለምነሽ የምትባል ተማሪ ከፊት ወንበር ነበረች። ጎበዝ ነበረች፤ ለማየት አንገቷን አሰገገች። በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። ከብዙ ዘመን በኋላ ወላይታ ሶዶ ገበያ ውስጥ አገኘኋት፤ ድምፅዋ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኗል። «ቲቸር» ብላ አቀፈችኝ። እሷ ይቅር ብላኛለች መሰለኝ። እኔ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ማንም አልጠየቀኝም፤ ርዕሰ መምህሩም አልተጠየቀም። እንግዳ መጣ ተብሎ ልጅ ጋዝ ሳበች፤ በቃ። አንቺ የምትለኪውን እኔም ለክቼ ነበር፣ ሩት። መለካት አያድንም።

ቁጥሩን ጻፊልኝ።

ዓለማየሁ


ሀዋሳ፣ ግንቦት 13 ቀን 2012 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሠላሳ ጊዜ። አንዳንድ ቀን ከዚያም ይበልጣል። ሻይ ለመሙላት ትወጣለች፣ ትገባለች። ብርጭቆ ለማጠብ ትወጣለች፣ ትገባለች። መጸዳጃ ቤቱም ከውጭ ነው። በገባች ቁጥር ሰባት ሰከንድ ናት። የኋላው በር ለዕቃ ብቻ ነው ተብሎ ተቆልፏል።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ማሳል ጀምራ ነበር። ሁለተኛውን ስጽፍ ማታ ተቀምጣ ነበር የምትተኛው። «ለጋሼ እንዳትጽፊ፤ በእግሩም ቢሆን ይመጣል» ብላ አስማለችኝ። እኔም መማሉ ተመቸኝ። እውነቱን ከነገርኩዎት ሥራውን ልቀቂ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። አንድ ጊዜ ተቀምጠው ያንብቡት፤ መጨረሻው ሞት አይደለም።

ባለፈው ዓርብ ዋሻውን ለየሕንፃቸው ሊገዙ የሚፈልጉ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አምሳሉ ጠዋት በርሜሉ ድረስ መጣ። (አንቱ ማለቱ ከእጄ አልወጣ ብሎኛል፤ ይታገሡኝ።)

«ዛሬ ሽታው ከአስፋልቱ ማዶ መሰማት አለበት» አለኝ።

«ሰው ነው የሚያልፍበት» አልኩት።

«የማይሸት ነገር ማን ያምናል? እጥፍ አድርጊው።»

እጥፍ አደረግሁት። በእነዚህ እጆቼ ነው ያደረግሁት፤ ሌላ ሰው የለበትም።

ለእንግዶቹ ሻይ ታዞ ነበር። እማዬ አንድ ጊዜ ገባች፣ ወጣች። ሁለት ጊዜ ገባች፣ ወጣች። በሦስተኛው ከዋሻው መውጫ ላይ ቆመች። ፊቷን አየሁት፤ ከንፈሯ እንደ አመድ ሆኗል። የብርጭቆ ሳህኑን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ አንድም ብርጭቆ አልተሰበረም። ከዚያ ነው የወደቀችው።

አጎቴ፣ ማንም አልነካትም። አንዱ እንግዳ «ኮሮና ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ ሸሸ። ስድስት ዓመት ሻይዋን የጠጡ ሰዎች ናቸው የሸሹት። «እናቴ ናት፤ አስም ነው፤ በረኪናው ነው!» እያልኩ ጮህኩ፤ ማን ይሰማኛል? ኪሩቤል ብቻ መጥቶ ጀርባዋን ደግፎ አስቀመጣት። ባጃጅ ያስቆመልንም እሱ ነው፤ ሁለቱ ጥለውን ሄዱ፣ ሦስተኛው ጫነን።

ስለምታስል ለይቶ ማቆያ አስገቧት። ባለሙያዎቹን አልወቅስም፤ ኦክስጅን ሰጥተው ያተረፏት እነሱ ናቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ግን አራት ቀን ከአጥር ውጭ ቆሜ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኋትም። ውጤቱ መጣ፤ ነጻ ናት። ኮሮና የሚባል የለባትም። ሳንባዋ ግን ተቃጥሏል አሉኝ። «ኬሚካል ባለበት ቦታ ትሠራለች?» ብላ ሐኪሟ ጠየቀችኝ። ጋዋኔን አላወለቅሁም ነበር።

የሚብሰውን መጨረሻ ላይ አስቀረሁት። እማዬ በተወሰደች ማግስት አምሳሉ በሕንፃው ድምፅ ማጉያ ተናገረ። ምን አለ መሰለዎ? «መርጫችን በሽተኛ ለይቶ አስቀርቷል፤ ያለ ሐሳብ ይገበያዩ» አለ። እናቴን ማስታወቂያ አደረጋት።

ሩት


አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ፣

አነበብኩት። ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፣ እንዳልሽው። ከዚያ ተነስቼ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ሰው የሚጭን መኪና የለም። ለአቶ በኃይሉ ከሙዙ ላይ ልውጣ አልኩት። «ጋሼ፣ ኬላ ላይ ሁለታችንንም ነው የሚያወርዱን» አለኝ። አልቅሼ ተመለስኩ። ሰው ከእህቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ላይ እንዲህ ይቀራል? ሕጉን አልቃወምም። ግን ሙዝ ሳልሆን በመወለዴ ተናደድኩ።

አልቀጣሽም። «እጥፍ አደረግሁት» ብለሽ መጻፍሽን እኔ በ1981 አላደረግኩትም።

ለአምሳሉ ለጻፍኩት መልስ ደርሶኛል። ማኅተም አለው። ቃል በቃል ገለበጥኩልሽ፦

«ጉዳዩ፦ አስተያየትዎን ይመለከታል። ለላኩልን ገንቢ አስተያየት ከልብ እያመሰገንን፣ ማዕከላችን ዘመኑ ያፈራውን ቴክኖሎጂ ለደንበኞቹ ደኅንነት በሥራ ላይ ያዋለ መሆኑን፣ ሥራውም በኬሚስትሪ ዲግሪ ባላት ባለሙያ ወይዘሪት ሩት ፊርማ እየተረጋገጠ የሚከናወን መሆኑን እየገለጽን፣ ወደፊት አስተያየት በሚሰጡበት ጊዜ አስቀድመው ባለሙያ እንዲያማክሩ በአክብሮት እናሳስባለን።»

ባለሙያ እንዳማክር! እኔን! ያውም ማንን? የማባዛት ሰንጠረዥ ከመቁጠሯ በፊት ፔሪዮዲክ ቴብል ያስቆጠርኳትን ልጅ!

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ቀረ። ሩት፣ ገባሽ? የቀጠሩሽ ለመለካት አይደለም። ፊርማሽን ነው የቀጠሩት። ነገር ሲመጣ በርሜሉ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። ምን ፈርመሽ ሰጥተሻቸዋል? የማን ቀለም ነው ያለበት?

ምን አድርጊ አልልሽም። የምለው የለኝም ማለት ግን አይደለም።

አጎትሽ


ሀዋሳ፣ ሰኔ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

እማዬ ቤት ገብታለች። ይህን መጀመሪያ ልበልዎ። የምትነፋው መድኃኒት ተሰጥቷታል፤ ከአልጋ እስከ በር ሄዳ ታርፋለች። ሰላም ብላዎታለች፤ ቁጣም አላት፤ ራሷ ትነግርዎታለች።

የፈረምኩትን ጠይቀዋል። በየቀኑ ነበር የምፈርመው። «የዕለቱ ብጥብጥ ተረጋግጧል» የሚል ሠንጠረዥ ነው። መጠን የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ቀንና ፊርማ ብቻ። እርስዎ እስኪጠይቁኝ ድረስ ይህ አልከነከነኝም፤ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ግንቦት 29 ቀን ወደ ቢሮው ገባሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ላይ የሚረጭ በረኪና አልበጠብጥም። በር ላይ ውኃና ሳሙና እናድርግ፤ እሱን እኔ ቆሜ አስታጥባለሁ» አልኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፈገግ አለ።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «እኔም አስቤበታለሁ። በረኪናውን ተዪው፣ ውኃ ብቻ ሙይበት። ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ጨምሪበት፣ መድኃኒት እንዲመስል።»

አልገባኝም። «ታዲያ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ያው የሚሠራውን» አለኝ።

አጎቴ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያላወቀ ሰው መስሎኝ ነበር። የተሳሳተ፣ ሰነፍ፣ ለዘመዱ ያደላ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ያውቃል! ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። በሽታ የሚከለክል ዕቃ እንዳልሆነ እያወቀ ነው እናቴን በቀን ሠላሳ ጊዜ ያሳለፋት። አሁን ደግሞ በባዶ ውኃ «ነጻ ናችሁ» ሊላቸው ነው፤ እነሱም አምነው ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ሊገቡ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የቅዳሜ ገበያ ነበር፤ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ዋሻው መግቢያ ላይ ቆምኩ። ድምፄ ቀጭን እንደሆነ ያውቁታል። «ይህን የምበጠብጠው እኔ ነኝ!» አልኩ። «በረኪና ነው። ለወለል እንጂ ለሰው አይሆንም። ከኮሮና አያድናችሁም። ሻይ ሻጯ አስካለ እናቴ ናት፤ ኮሮና የለባትም፤ በዚህ ነው የታመመችው። እኔ ነኝ የበጠበጥኩት!»

አንድ ሽማግሌ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አሉኝ። «እዚሁ ነበርኩ» አልኳቸው።

አምሳሉ ከኋላዬ ደርሶ «ልጅቷ እናቷ ታማባት ተረብሻለች፤ እለፉ፣ እለፉ» ይላል፤ ድምፁ የሚያባብል ነው። ሁለት ሰዎች ሊያልፉ ራመድ አሉ። ያኔ ራሔል ከፎቅ ወረደች። የጨርቅ መቀሷን ይዛለች። ለማንም ምንም ሳትል የዋሻውን ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው፤ በጎን በኩል በር ከፈተችና «በዚህ ግቡ» አለች። አምሳሉ «ንብረት ነው!» አላት። «አስካለስ?» አለችው። ከዚያ በኋላ በዋሻው ያለፈ የለም።

እኔ በዚያው ቀን «በሥነ ምግባር ጉድለት» ተባርሬያለሁ። ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም እርስዎ ዘንድ ከደረሰው ጋር አንድ ነው። ከመሄዴ በፊት የፈረምኩባቸውን ወረቀቶች ኮፒ አስደርጌ የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለጤና ባለሙያዎች አቅርቤያለሁ። በመጀመሪያው መስመር የራሴን ስም ነው የጻፍኩት። መጥተው አይተዋል፣ ኪሩቤልንም ጠይቀዋል። ምን እንደሚወሰን አላውቅም። ሥራ የለኝም። ግን ማታ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሩት


ሀዋሳ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ዓለማየሁ፣

እንደምን አለህ። እጄ ጽሕፈት ከተወ ቆይቷል፤ ፊደሉ ቢጣመም አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ የራስህ ጥፋት ነው።

ደብዳቤዎቹን በሙሉ አነበብኳቸው። ሩት ሰጠችኝ፣ ያንተንም የእሷንም። ሁለት ወር ስለ ደረቴ ተጻጻፋችሁ። ስንት በመቶ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰከንድ። አንዳችሁም አስካለ ለምን ታልፊያለሽ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። ሞኝ መሰልኳችሁ? እንደሚያንቀኝ አላውቅም? ደረቱ የእኔ ነው እኮ!

ልንገርህ። ሁለተኛው ቀን ላይ አውቄዋለሁ። ግን ከሰልፉ ውስጥ ሰዎች ልጄን ይሰድቧት ነበር። «ያቺ ባለ ጋዋኗ ልታቃጥለን ነው» ይላሉ። እኔ እምቢ ብል ምን ይሉ ነበር? እናቷ እንኳ አላመነቻትም ይላሉ። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ተጠቅልላ ስታለቅስ ያየኋት ልጅ ባጅ አድርጋ ስትወጣ፣ እኔ በልጄ እጅ የተበጠበጠውን አላልፍም ልበል? ክርኔን ዘርግቼ፣ እየሳቅሁ፣ ሠላሳ ጊዜ አለፍኩ። አሁን ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ሳልፍ ያየ ሌላም ሰው አልፏል፤ ያን ሳስብ ያቃጥለኛል። ይህን ለሩት ትናንት ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። ተቃቀፍን፣ ጸለይን፣ በቃ።

አንተም በቃህ። አለምነሽን ፈልገህ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት፤ «ይቅር ብላኛለች መሰለኝ» አይባልም።

ወሬውን ልንገርህ። ዋሻው ተነቅሏል። ማንም ተሳስተናል አላለም። አንድ ቀን ጠዋት ብረቱን በጋሪ ጭነው ወሰዱት፣ ምርቃቱ ላይ የነበሩት ሁሉ የሉም። ባለሱቆቹ በራሳቸው በር ላይ የውኃ በርሜልና ሳሙና አስቀመጡ። ሩት ገና ሥራ አላገኘችም። ስሟን በየቦታው «ረባሿ» ብለውታል፤ እኔ ግን በዚያ ስም አላፍርም።

እኔም ከሰኞ ጀምሮ ወጥቻለሁ። አትቆጣ፣ ፎቅ አልወጣም፤ አልችልምም። አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሻይ እሸጣለሁ፣ ባለሱቆቹ ራሳቸው ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ቀን የሸሹት ሁሉ መጡ። ዓይኔን ማየት አቃታቸው። ቀዳሁላቸው፤ ፈርተው ነው፣ ፍርሃት የሰው ነው።

ትናንት አምሳሉም መጣ። ሻንጣውን ይዞ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ «አስካለ፣ አንድ ሻይ» አለኝ። ከፊቱ ሦስት አራት ሰው ነበር።

አልቀዳሁም። «እዚህ በርዎ ላይ ነው የወደቅኩት» አልኩት። «ሆስፒታል አልመጡም። በድምፅ ማጉያ ግን ስለ እኔ አውርተዋል። ስንት ቀን ሆነ፣ እንዴት ነሽ ብለውኝ አያውቁም። ሳይጠይቁኝ አልቀዳም።»

ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ወደ በሩ አየ፣ ወደ መሬት አየ። ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ሰው እያየው እንዴት ይሂድ?

«እንዴት ነሽ፣ አስካለ?» አለኝ፣ በቀጭኑ።

«ደህና አይደለሁም» አልኩት።

እህትህ አስካለ